ጠብታው ሳይቆም ሽማግሌ አይገባም

ፍኖተ ሰላም፣ ጥቅምት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ቸሩ መድኃኔዓለም ይመስገን ደህና ነን። መሪጌታ ደህና ናቸው፤ ትሕትና ደህና ናት፤ ላማችንም በሰላም ወልዳለች። ስልክ እንደሆነ ከጠፋ ሰነበተ፤ ይህን የምልክልህ በአውቶቡስ ሾፌሩ በመልካሙ እጅ ነው። መልካሙ የሰው ወሬ እንደሚወድ ስለማውቅ ፖስታውን በሊጥ አጣብቄዋለሁ። ስትከፍተው ብትቸገር አትቀየመኝ፤ እኔ የዘጋሁት ነገር በቀላሉ አይከፈትም።

ቦይለሩ እንዴት ሆነ ብለህ በመልካሙ አስጠይቀኸኝ ነበር። በመስቀል ሰሞን ገጥመህልን የሄድከው ቦይለር ውኃውን ያሞቃል፤ በዚህ አልዋሽም። የመሪጌታ ጉልበት ከቁርጥማቱ ተላቆ ቅዳሴውን ሳይቀመጡ ያስቀድሳሉ። ነገር ግን ከቦይለሩ ሥር ያለችው ትንሿ ብረት ታንጠባጥባለች። መታጠቢያ ቤቱ መሪጌታ ዜማ ከሚያስተምሩበት ክፍል ጋር በአንድ ግድግዳ ይዋሰናልና ተማሪዎቹ ዜማውን በጠብታው ልክ ማለት ጀምረዋል። ቦይለሩ ሲግል ጠብታው ይፈጥናል፤ ጠብታው ሲፈጥን ዜማው ይፈጥናል። በቀደም ዕለት በእርጋታ የሚባለውን ዜማ እንደ ሠርግ ዘፈን አስሮጡትና መሪጌታ መቋሚያቸውን አንስተው ማንን እንደሚመቱ ጠፋቸው።

ሽማግሌ ልትልክ ማሰብህን ትሕትና ነግራኛለች። አንተን አልጠላህም፤ እናትህንም አውቃት ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ግን የቤቴን ውኃ ማቆም ያቃተው ሰው ልጄን ስጪኝ ሲለኝ እሺ ብል ጎረቤት ምን ይለኛል? ጠብታው ሳይቆም ሽማግሌ አይገባም። ከዐቢይ ጾም በፊት ሠርግ ካማረህ ዕወቅበት።

ለመሆኑ ሊበን አገሩ እንዴት ነው? ብርድ አለው ይላሉ። ሰው ይለምደዋል?

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ጥቅምት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ወለተ ሐና፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመሪጌታ ዓለምብርሃን፣ ለትሕትና፣ ለተወለደችውም ጥጃ ሰላምታዬን ዝቅ ብዬ አቀርባለሁ። ጥጃዋ ወንድ ከሆነ ይቅርታ። ደብዳቤዎ በደህና ደርሶኛል፤ የከፈትኩት በመጋዝ ነው።

ጠብታው ስላስቸገራችሁ አፍሬያለሁ። ሆኖም አያሳስብዎ። ያቺ ትንሽ ብረት ሴፍቲ ትባላለች። ውኃ ሲሞቅ ያብጣል፤ ያበጠውን እሷ ጠብ ጠብ እያደረገች ታስወጣዋለች። ከሥሯ ቆርቆሮ ቢያስቀምጡላት ድምፅዋም ይቀንሳል። እኔም ስመጣ አንድ ትንሽ ነገር እጨምርበታለሁ፤ ምን እንደሆነ ያን ጊዜ ብነግርዎ ይሻላል።

ስለ ሊበን ስለጠየቁኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርዱ ያን ያህል አይደለም፤ ወፍራም ልብስ ላለው ሰው ይቻላል። ሰው ደግሞ በጣም ይለምደዋል። ከእኔ ጋር የጤና ጣቢያውን የውኃ መስመር ከሚዘረጉት ልጆች አንዱም ወደ አገሬ ልመለስ አይልም። ቤት እንደ ልብ ነው፤ ገበያውም ያስደስታል።

ታዛዥዎ ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

ጤና ይስጥልኝ። ጥጃዋ ሴት ናት።

ጠብታው ቆሟል። ቆርቆሮ አስቀምጪ ያልከኝን አንብቤ ሳበቃ ለትሕትና እንኳ አላሳየኋትም፤ እንድታፍርብህ አልፈለግሁም። እኔ ቆርቆሮ የማስቀምጠው ለዶሮ ውኃ ነው። ማን አቆመው ብለህ አትጠይቀኝ። እጅ ያለው ሰው አቆመው። ጎረቤት መጥቶ አየ፤ ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠ፤ አደነቀ። መሪጌታም ተማሪዎቻቸው ወደ ልባቸው ተመልሰውላቸዋል።

ጠብታው የቆመው በአንተ እጅ ስላልሆነ የሽማግሌው ነገር እንዳለ ነው። እዚያው ሆነህ ጠብቅ።

እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው፤ ለተማረች ሴት ሊበን ሥራ ይገኛል ወይ?

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ወለተ ሐና፤

ሰላምታዬ ከአገር ሰፋ ብሎ፣ ከተራራ ከፍ ብሎ ይድረስዎ። የጠብታውን መቆም ሰምቼ በጣም ደስ ብሎኛል። ከደስታዬ የተነሳ ምግብ አልበላ ብሎኛል።

እትዬ፣ ለትምህርቴ ያህል እንዲነግሩኝ እለምናለሁ። ያ እጅ ያለው ሰው ጠብታውን በምን አቆመው? ይህን የምጠይቀው የሰውየውን ጥበብ ተጠራጥሬ አይደለም። ምሳሌ ልስጥ፤ እርስዎ እንደማያውቁት አውቃለሁ። አንዳንድ ሴቶች አንድ ነገር ሊያወጡ ሲሉ ጋኑን እሳት ላይ ይጥዱና አፉን ይመርጉታል። እንፋሎቱ የሚሄድበትን መቃ ግን ክፍት ይተዉታል። መቃው ቢደፈን ምን ይከተላል? በወሬም ቢሆን ሰምተው ይሆናል።

ስለ ሥራው የጠየቁኝ መልካም ዜና አለው። ጤና ጣቢያው ሲያልቅ ነርስ አጥብቀው ይፈልጋሉ። ኃላፊው የምታውቃት ካለች አምጣልን ብሎኛል፤ እኔም አንዲት ጎበዝ የፍኖተ ሰላም ነርስ አውቃለሁ አልኩት።

መልስዎን በፍጥነት እጠብቃለሁ።

ታዛዥዎ ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

እንኳን ለጾመ ነቢያት አደረሰህ።

ያቆምኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰፈፍ አቅልጬ የብረቷን አፍ ሞላሁት። በላዩ የገብስ ሊጥ መረግሁበት። በሊጡ ላይ ደግሞ ከመሪጌታ አሮጌ ጥምጣም ቀድጄ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት። ይኸው እስከ ዛሬ አንዲት ጠብታ የለችም። አሁን አሁንማ ቦይለሩ ራሱ እንደ ድመት ማንኮራፋት ጀምሯል፤ ተመችቶት ነው። ለሙያህ ይጠቅምህ እንደሆነ ብዬ ነው የጻፍኩልህ።

ስለ ጋንና ስለ መቃ ያልከውን አላየሁትም። የመሪጌታ ቤት ስለሆነ እንዲህ ያለ ነገር እዚህ አይታወቅም። የነርሷንም ነገር ለትሕትና አልነገርኳትም፤ ሥራ ይበዛባታል።

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይህ ወረቀት እጅዎ ሲገባ ወደ ቤት አይግቡ። በቤት ያለውንም ሰው ሁሉ ወደ ደጅ ያውጡ።

ከዚያም ደጅ ካለው ቆጣሪ ላይ መብራቱን ያጥፉት። ቦይለሩን ማንም አይንካው። መሪጌታ ገላቸውን እንዳይታጠቡ። ውኃው ጨርሶ ሳይበርድ ሊጡንም ሰፈፉንም አይንቀሉት።

ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ኅዳር 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ በአገራችን ምን እንደሆነ ሳታውቅ ነው እንዴ ያደግኸው? መርዶ ነው። መጀመሪያ ላይ እንደምን ሰነበቱ የለ፤ እግዚአብሔር ይመስገን የለ። ወደ ቤት አይግቡ፣ ሰው ሁሉ ይውጣ ይላል። ከዚያ በታች አላነበብኩም፤ መርዶ ብቻውን የሚያነብ ሰው የለም። ግሽ ዓባይ ያለችው እህቴ ወለተ ኢየሱስ ታማ እንደሰነበተች ታውቃለህ። ወረቀቱን ደረቴ ላይ ይዤ እህቴን፣ እህቴን እያልኩ ወጣሁ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። መሪጌታ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው ሊታጠቡ እየገቡ ነበር፤ ጩኸቴን ሲሰሙ ከመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ተመለሱ። ተማሪዎቹም ወጡ። ቤቱ ባዶ ሆኖ፣ ሰው ሁሉ ግቢ ውስጥ ተቀምጦ ሲያለቅስ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ድው አለ። የዘንድሮን ነገር ታውቀዋለህ፤ ድው ሲል ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ለቀስተኛው ሁሉ በደረቱ ተኛ። ሙሾ የምታወርደዋም ሴትዮ ግጥሟን መሬት ላይ ተኝታ ጨረሰች።

ጸጥ ሲል ገብተን አየን። ሊጤና ሰፈፌ ተፈናጥረው የመሪጌታን ሳፋ አጎድጉደውታል። የፈላው ውኃ ግድግዳውን አጥቦታል። በርጩማቸው ሳፋው ፊት እንደተቀመጠች ናት። ያን ጊዜ ነው መሪጌታ ወረቀቱን ከእጄ ወስደው እስከ መጨረሻው ያነበቡት። አንብበው ሲጨርሱ ወረቀቱን አጣጥፈው፦

«ይህ ልጅ ሰላምታ ቢጽፍ ኖሮ እኔ ገብቼ ነበር» አሉ።

ስለዚህ አሳፍረኸኛል፤ ባሌንም አትርፈህልኛል። የትኛውን እንደማስቀድም ገና አልወሰንኩም። እህቴ ወለተ ኢየሱስ መርዶዋ ግሽ ዓባይ ቢደርሳት የራሷን ለቅሶ ልትደርስ መጣች። ማን ማን እንዳለቀሰላት አንድ በአንድ ጠይቃ፣ ያላለቀሱትን አኩርፋ ሄደች።

አሁን ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ነውና እውነቱን ጻፍልኝ። ያቺ ብረት ለምንድን ነው የምታንጠባጥበው? ስመጣ እጨምረዋለሁ ያልከኝስ ነገር ምንድን ነው? አረቄ ማለት አፍረህም ጋንና መቃ እያልክ አትዙርብኝ። መሪጌታን ከማግባቴ በፊት የእኔ አረቄ እስከ ቡሬ ድረስ ይሄድ እንደነበር አገር ያውቀዋል። መቃ ሲደፈን ጋን እንደሚፈነዳ ከአንተ አልማርም። ቦይለር ጋን መሆኑን ግን አልነገርከኝም።

የሊበን መንገድ ክረምት ክረምት ይዘጋል የሚሉት እውነት ነው?

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ታኅሣሥ 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ወለተ ሐና፤

ለእርስዎ ሰላምታ፣ ለመሪጌታ ሰላምታ፣ ለትሕትና ሰላምታ፣ ለጥጃዋ ሰላምታ፣ ለወይዘሮ ወለተ ኢየሱስ ከብዙ ይቅርታ ጋር ሰላምታ፣ መሬት ላይ ለተኙት ለቀስተኞች ሁሉ ሰላምታ። ያለፈው ደብዳቤዬ ዕዳ በዚህ ይከፈልልኝ።

እውነቱ ይህ ነው። የከተማው ውኃ በፈረቃ የሚመጣ ስለሆነ፣ ሲሄድ የቦይለሩን ውኃ አብሮ ስቦ እንዳይወስደው ብዬ መግቢያው ላይ ወደ ኋላ የማይመልስ መቆለፊያ አስገባሁ። ደግ ነገር ነበር። ግን ውኃው ሲሞቅ ሲያብጥ ቀድሞ ወደ መንገዱ መስመር ተመልሶ ቦታ ያገኝ የነበረው አሁን መሄጃ አጣ። ሴፍቲዋ ብቻ ቀረችለት። መቆለፊያ ያስገባ ሰው አብሮ ኤክስፓንሽን ታንክ የሚባለውን ማስገባት አለበት። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ፈልጌ አጣሁት። ሥራው አላለቀም ብዬ ብሄድ ደግሞ ጀምሮ የማይጨርስ ሰው ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ሽማግሌ ላክ ልትሉኝ በተቃረባችሁበት ሰሞን ስለነበር ዝም አልኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው ለእኔ ነው።

ታንኪቱ ቀይ ናት፤ ትልቅ ቅል ታክላለች። ውስጧን ጎማ ይከፍለዋል፤ በአንዱ ወገን ውኃ፣ በሌላው ወገን ነፋስ አለ። ውኃው ሲያብጥ ነፋሱ ይጨመቅና ቦታ ይለቅለታል፤ ሲበርድ ነፋሱ ይመልሰዋል። ቡሬ ካሉት የሕንፃ መሣሪያ ሱቆች አይጠፋም። ሴፍቲዋም ሰፈፍ ስለዋጠች በአዲስ ትለወጥ፤ እሷን አጥቦ መመለስ አይሆንም።

የከተማው የቧንቧ ሠራተኞች ሁሉ እዚህ ከእኔ ጋር ናቸው፤ ስለዚህ የባጃጅ ጎማ የሚጠግነውን ጎሚስታ ወንዳወቅን ይጥሩት። ነፋስ መሙላት የሚያውቅ፣ መለኪያም ያለው እሱ ነው። መብራት ይጥፋ፤ ውኃው ከዋናው ይዘጋ፤ ቧንቧ ተከፍቶ በመስመሩ ያለው ይፍሰስ። ታንኪቱ ከመገጠሟ በፊት ነፋሷ ይሞላ። ከዚያ በመቆለፊያውና በቦይለሩ መካከል፣ በቀዝቃዛው መስመር ላይ ትግባ። ሥዕሉን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ፤ ትሕትና ታንብብለት።

አንድ ብርቱ አደራ አለኝ። ከታንኪቱ ጫፍ፣ በክዳን የተሸፈነች፣ የጎማ መንፊያ አፍ የመሰለች ነገር አለች። ማንም እንዳይነካት። ክዳኗ ተከፍቶ በምስማር ጫፍ እንኳ ብትነካ ነፋሱ ይወጣና ጠብታው ይመለሳል።

የክረምቱ መንገድ እውነት ነው። ሰኔ የገባ ሰው አንዳንዴ መስከረም ነው የሚወጣው። ግን ጨዋታው ጥሩ ነው።

ታዛዥዎ ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

ጤናህን ይስጥህ። ይቅር ብዬሃለሁ፤ መሪጌታ ቀድመውኝ ይቅር ስላሉህ ምርጫ አልነበረኝም።

ቡሬ ራሴ ሄድኩ። ስሙን መንገድ ላይ ረሳሁትና ውኃ ሲያብጥ የሚገባበት ዕቃ አላችሁ ወይ እያልኩ ጠየቅሁ። አንዱ ፌርሙስ አወጣልኝ። አንዱ የበርበሬ በርሜል አሳየኝ። ሦስተኛው ያበጡት ባለቤትዎ ናቸው ወይ ብሎ በሐዘኔታ ወደ መድኃኒት ቤት መራኝ። በመጨረሻ ሥዕልህን ያየች አንዲት ሴት ከመደርደሪያ ላይ አውርዳ ሰጠችኝ፤ ሴፍቲዋንም ጨመረችልኝ። ስመለስ መንገድ ላይ ፍተሻ ነበር። ፈታሹ ቀይዋን ብረት ከቅርጫቴ ሲያይ ወደ ኋላው ሄደ። ውስጧ ምንድን ነው አለ። ነፋስ ብቻ ነው አልኩት፤ ይባስ ብሎ ራቀ። ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ማዶ ቆሞ እኔና ታንኪቱ ብቻችንን አውቶቡስ ውስጥ ቀረን። መልካሙ መጥቶ የመሪጌታ ጉልበት መድኃኒት ናት ብሎ እስኪያስረዳ ድረስ ብዙ ቆየን።

ወንዳወቅ ነፋሷን ሞልቶ ሲያበቃ፣ እንደ ልማዱ ሳፋ ውስጥ ነክሮ አረፋ ፈለገባት። ትሕትና ቆማ እያነበበችለት፣ እሱም ለእያንዳንዱ ቃል ሁለት ጊዜ እየጠየቀ ገጠማት። መብራቱን አበራነው። ውኃው ሞቀ። ከሥር ምንም የለም። ትሕትና ደስታዋ ፊቷ ላይ ሲታይ አየሁት፤ የደስታዋ ምክንያት ውኃው እንዳልሆነ አልጠፋኝም።

የተናገርኩትን አላጥፍም። ጠብታው ቆሟል፤ በአንተ ምክርም ነው የቆመው። ሽማግሌህን ላክ።

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ወለተ ሐና፤

ሰላምታዬን በደስታ እንባ አጅቤ አቀርባለሁ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ጥር 4 ቀን ይመጣሉ፤ አጎቴ ከቡሬ ይመራቸዋል።

ሌላም የምሥራች አለኝ። ተቋራጩ ሥራዬን ለሚመጣው ዓመት አራዝሞልኛል። እኔም ጊዜ አላጠፋሁም፤ እዚሁ ሊበን ከነጓሮው ሁለት ክፍል ቤት ይዣለሁ። ጤና ጣቢያውም ቅርብ ነው። ትሕትና እንደምትወደው አልጠራጠርም።

ታዛዥዎ ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለስመኘው፤

እንኳን ለልደቱ አደረሰህ።

ጠብታው ተመልሷል። በገና ዕለት ነው የጀመረው። ማንም አልነካውም። እኔ ወደዚያ ክፍል ከገባሁ ሰነበትኩ። ክዳኗም በቦታዋ ጠብቃ ተዘግታለች፤ አይቻታለሁ። ወንዳወቅ ልየው ብሎ መጥቶ ነበር፤ በበዓል ሥራ አይሠራም ብዬ መለስኩት።

ቃል ቃል ነው። ሽማግሌዎቹ በከንቱ እንዳይደክሙ ለአጎትህ ልኬበታለሁ። መቼ ይቆማል ብትለኝ አላውቅም። ለጾሙም የቀረው ጊዜ ትንሽ ነው፤ ለከርሞ ያድርሰን።

ወለተ ሐና


ሊበን፣ ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለእትዬ ወለተ ሐና፤

እንደምን ከረሙ? ዛሬ ሰላምታዬን የማሳጥረው ስላላከበርኩዎት አይደለም፤ የምለው ስላለኝ ነው።

ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ አዲስ ጎማ ነፋሱን በዚህ ፍጥነት እንዴት ይለቃል ብዬ ተጨነቅሁ። መፍቻዬን ይዤ ግቢ ውስጥ ስንጎራደድ የቤት አከራዬ እህተ ማርያም አዩኝና ጠየቁኝ። ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ታንኪቱ የተናገርኩትን አልሰሙኝም። ሴትዮዋ ሌላ ምን ጠይቃህ ነበር አሉኝ። ሊበን ብርድ አለው ወይ፣ ለሴት ሥራ ይገኛል ወይ፣ መንገዱ ይዘጋል ወይ ብለውኝ ነበር አልኳቸው። ምን መለስክ አሉ። የመለስኩትን ነገርኳቸው። ሳቃቸው ሲያሸንፋቸው ደረጃው ላይ ተቀመጡ።

«አንተ፣ ጎጃም ነው የተወለድከው ወይስ ከሰማይ ነው የወረድከው? ብርድ አለው ወይ ስትል እኮ ልጄን ይዘህብኝ አትሂድ ማለቷ ነው» አሉኝ።

እትዬ፣ ስለ ነፋሱ አልጠይቅዎትም። ሁለቱን ክፍሎች መልሻለሁ። ለተቋራጩም ሥራዬ በየካቲት ያበቃል ብዬ ነግሬዋለሁ። ከግቢያችሁ ጀርባ ያለው ቤት እንደሚከራይ መልካሙ አጫውቶኛል። ትሕትና ከሆስፒታሏም ከእርስዎም አትርቅም፤ የምመጣው እኔ ነኝ። ፍኖተ ሰላም ውስጥ ሥራ ቢጠፋ እንኳ ከወንዳወቅ ጋር ጎማ እነፋለሁ።

ይህን ቀድሞ መናገር ነበረብኝ። ነገሩ ያልገባኝ ግን በሞኝነት ብቻ አይደለም። እናቴ ካረፈች ወዲህ በርዶህ ይሆን ወይ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እርስዎ ስለ ብርዱ ሲጠይቁኝ ለእኔ ያሰቡ መስሎኝ ነበር። ደስ ብሎኝ ነው የመለስኩልዎት።

ስመኘው


ፍኖተ ሰላም፣ ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለስመኘው፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኛ ደህና ነን። ደብዳቤህ የደረሰኝ በጥምቀት ማግስት ነው። አንብቤው ስጨርስ ወንዳወቅን አስጠርቼ ነፋሱን አስሞላሁት። በምን ወጣ ብሎ ጠየቀኝ። በበዓል ሰሞን ብዙ ነገር ይወጣል አልኩት። ጠብታው ያን ዕለት ቆመ፤ እኔም ለአጎትህ ይምጡ ብዬ ላክሁበት።

ሽማግሌዎችህ እሑድ ጠዋት መጡ። ሦስቱም ነጭ ለብሰው፣ መሬት መሬት እያዩ፣ አልቀመጥም ብለው ቆሙ። መሪጌታ ወግ አዋቂ ናቸው፤ የመጀመሪያ ቀን እሺ የሚል የልጅ አባት እንደሌለ ታውቃለህ። ጉዳያቸውን በእርጋታ ሰሙ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ዘመድ እናማክራለን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ ሊሉ ጀመሩ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ነበርኩ። ትሕትና አጠገቤ ቆማ እጄን ጭብጥ አድርጋ ይዛለች። ሁለት ሳምንት የሚለውን ስሰማ ምን እንደነካኝ አላውቅም።

«ተሰጥታለች! ምን ተመለሱ ያስብላል?» አልኩ።

ድምፄ ግቢውን ሞላው። አጎትህ ደንግጦ ሳይፈቀድለት ተቀመጠ። የመሪጌታ ፊት እስከ ዛሬ አልተፈታም፤ አገር ምን ይለናል፣ ልጃችንን አጣድፈን ሰጠን ይላሉ። ይበሉ። ለቀስተኛ በደረቱ ያስተኛች ሴት ከዚህ የባሰ ምን ትባላለች? ሠርጉ የካቲት 9 ቀን ነው። ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ጓዳ ገብቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ፤ ትሕትና ምን ሆንሽ ብትለኝ ሽንኩርት ነው አልኳት። ሽንኩርት አልነበረም።

በመልካሙ እጅ አንድ ጋቢ ልኬልሃለሁ። ራሴ የፈተልኩት ነው፤ ለመሪጌታ ነበር የታሰበው፣ እሳቸው አሁን በሙቅ ውኃ ይታጠባሉ። ያን ጊዜ ስለ ብርዱ ስጠይቅህ ለአንተ አላሰብኩም ነበር፤ አልዋሽህም። አሁን ግን ማለዳ ደጅ ስወጣ ሊበን ዛሬ እንዴት አድሮ ይሆን እላለሁ።

እናትህ ወለተ ሐና